የከረጢቱ ታሪክ

ስለ ሕክምና ጥበብ ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚያመሰግኑት ቢላዋ የጨበጠውን እጅ ነው፤ ከቢላዋው በኋላ ሕሙሙ ከአልጋው ተነሥቶ፣ ልብሱን ለብሶ፣ ከሰው መካከል ገብቶ፣ በማዕድ ተቀምጦ፣ ሌሊትም ከትዳር ጓደኛው ጎን ተኝቶ እንዴት እንደ ኖረ የሚነግሩን ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ይህ ጉድለት በየሕክምናው ክፍል ሁሉ ቢገኝም፣ አንጀቱ ታሞ ወይም ተዘግቶ ዓይነ ምድሩ ሆዱ ላይ በተከፈተ መውጫ እንዲወጣ በተደረገለት ሰው ታሪክ ላይ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ የመቁረጡና የመስፋቱ ጥበብ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲያስቆጥር፣ የሚወጣውን ተቀብሎ የሚይዝ ደኅና ከረጢት የተገኘው ገና ትናንት፣ በአያቶቻችንና በአባቶቻችን ዘመን ነውና። ከረጢቱንም ለዓለም ያበረከቱት በአብዛኛው ሕሙማኑ ራሳቸውና አጠገባቸው ሆነው ያስታመሟቸው ሴቶች ናቸው። እኔም ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ይህንኑ ለማሳየት ነው።

ከታሪኩ አስቀድሞ ስለ ነገሩ ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የበላነው ምግብ በትንሹ አንጀት ውስጥ የሚያልፈው ሥጋን እንኳ ሊያሟሟ ከሚችል የመፍጫ ፈሳሽ ጋር ነው፤ ትልቁ አንጀት ደግሞ ውኃውን ቀስ በቀስ እየመጠጠ ዓይነ ምድሩን ያጠነክረዋል። ስለዚህ መውጫው ከትልቁ አንጀት፣ ይልቁንም በግራ ጎን ካለው ክፍል የተከፈተለት ሰው፣ ሐኪሞች ኮሎስቶሚ የሚሉት ማለት ነው፣ የሚወጣው ነገር ከቀድሞው እምብዛም አይለይም፤ ከትንሹ አንጀት መጨረሻ የተከፈተለት ግን፣ ይኸውም ኢሊዮስቶሚ የሚባለው ነው፣ ቀንና ሌሊት የሚፈስ፣ የነካውንም ቆዳ የሚልጥ ፈሳሽ ይዞ መኖር ግድ ይሆንበታል። በሁለቱም ዘንድ መውጫውን አጥብቆ የሚይዝ ጡንቻ ስለሌለ ዓይነ ምድሩ የባለቤቱን ፈቃድ አይጠይቅም፤ የመከራውም ሥር ይህ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

ይህን መውጫ መጀመሪያ የከፈቱት ጦርነትና ደዌ ናቸው። በ1706 ዓ.ም. ዛሬ ቤልጅግ በምትባለው አገር በራሚዬ በተደረገው ጦርነት ላይ ጆርጅ ዴፕ የተባለ ወታደር ሆዱን ቆስሎ፣ አንጀቱ በቁስሉ በኩል ወደ ውጭ እንደ ወጣ 14 ዓመት ኖረ ይባላል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ማርጋሬት ዋይት የምትባል ሴት ለብዙ ዘመን የእምብርት ቡአ ይዟት ኖሮ፣ በ73ኛው ዓመቷ ብርቱ ቁርጠት ተነሥቶባት ቡአው ቢፈነዳ፣ በዘመኑ እጅግ ስመ ጥር የነበረው ዐቃቤ ሥራይ ዊልያም ቸዝልደን የበሰበሰውን አንጀት 26 ኢንች ያህል፣ ማለት ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ፣ ቆርጦ ጣለላት፤ የቀረውም ጫፍ እምብርቷ ላይ ተጣብቆ ዓይነ ምድሯ በዚያ እየወጣ ብዙ ዓመት ኖረች። የዚያው አገር ንግሥት ካሮላይን በ1737 ዓ.ም. የሞተችው በዚሁ በእምብርት ቡአ ነበር። ንግሥቲቱ ደዌዋን ለብዙ ዓመታት ደብቃ ኖራ፣ ሐኪሞቹ የደረሱላት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነበርና፣ በዚህ ደዌ ዙፋንም ሆነ ሀብት ከኀፍረት እንደማያድን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው።

ሐኪም ዐውቆና አስቦ መውጫውን እንዲከፍት መጀመሪያ አሳብ ያቀረበው አሌክሲ ሊትሬ የተባለ የፓሪስ የሥነ አካል ሊቅ ነው። በ1710 ዓ.ም. ፊንጢጣው ሳይከፈት ተወልዶ በስድስተኛው ቀን የሞተ ሕፃን በድን ሲመረምር፣ የአንጀቱን የላይኛ ጫፍ አውጥቶ ከሆዱ ቆዳ ጋር በማያያዝ ነፍሱን ማትረፍ ይቻል እንደ ነበረ ገለጠ፤ አሳቡ ግን 66 ዓመት ሙሉ የሚፈጽመው አጥቶ በወረቀት ላይ ቀረ። በ1776 ዓ.ም. በሩዋን ከተማ ሞሬል የተባለ የወይን ጠጅ ነጋዴ በፊንጢጣው ነቀርሳ ምክንያት አንጀቱ ተዘጋበት። የዘመኑ ሐኪሞች በክብደቱ መንገዱን ይጠርግ ይሆናል በማለት ሁለት ፓውንድ፣ አንድ ኪሎ የሚጠጋ፣ ባዜቃ አጠጡት። ባዜቃው ገባ እንጂ አልወጣም። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሞትን በሚጠባበቅበት ጊዜ ፒሎር የተባለው ቀዶ ጠጋኝ የሊትሬን አሳብ አቀረበለት፤ ሕሙሙም ተስማማ፤ ፒሎርም የቀኝ ጎኑን ቀዶ የትልቁን አንጀት መነሻ ከፈተና ጠርዙን ከቆዳው ጋር ሰፋው። ዓይነ ምድሩ ወጣ፤ ሆዱ ረገበ፤ ሞሬልም እፎይ አለ። የሚወጣውንም ነገር ለመቀበል መውጫው ላይ ሰፍነግ አድርገው በመታጠቂያ አሰሩለት። ሆኖም በ28ኛው ቀን ሞተ፤ በድኑም ሲመረመር መውጫው ደኅና ሆኖ ሳለ፣ የገደለው ያ ባዜቃ ትንሹን አንጀት በክብደቱ ጎትቶ ስላበሰበሰው መሆኑ ታወቀ።

ይህን ታሪክ የሚጽፉ ሁሉ ስለ ፒሎር ድፍረት ይናገራሉ፤ እኔን ግን የሚያስገርመኝ ሰፍነጉ ነው። የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና በተፈጸመበት በዚያው ሳምንት የሚቀጥለው ጥያቄ፣ ማለትም ይህ ሰው የሚወጣውን በምን ይቀበል የሚለው፣ ተነሥቶ ነበር፤ የተሰጠው መልስ ሰፍነግና መታጠቂያ ነው፤ ከዚያም በኋላ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ከዚህ እጅግ የተሻለ መልስ አልተገኘም። በጋሪ እንጨት ተወግቶ የተረፈ አንድ የፈረንሳይ ገበሬ በትንሽ የቆዳ ከረጢት ይቀበል እንደ ነበረ ተጽፏል፤ ሌላው እንደ አቅሙ ጨርቅ ይጠመጥማል፣ ጥጥ ይደርባል፣ የብረት ጽዋ በቀበቶ ያስራል።

የቀዶ ጥገናው ጥበብ በበኩሉ መራመዱን ቀጠለ። በ1793 ዓ.ም. በብሬስት ወደብ ዱሬ የተባለ ሐኪም ፊንጢጣ የሌለው ሆኖ ለተወለደ ሕፃን፣ አስቀድሞ በሞተ ሕፃን ላይ ተለማምዶ፣ በግራ ጎኑ መውጫ ከፈተለት፤ ልጁም አድጎ 45 ዓመት ኖረ። ይህ ሰው ከእናቱ ጡት ጀምሮ እስከ ጎልማሳነቱ በጎኑ ስለነበረው ነገር ያሰበውን፣ ጓደኞቹ ያሉትን፣ እናቱም በየቀኑ ምን ጨርቅ እንዳጠበች የጻፈ አንድ ሰው እንኳ አለመገኘቱ ከላይ የተናገርሁትን ጉድለት ይመሰክራል። በ1839 ዓ.ም. ደግሞ አሙሳ የተባለው የፓሪስ ሐኪም፣ ወዳጁ ብሩሴ በፊንጢጣ ነቀርሳ ሲሞት አይቶ ልቡ ስለተነካ፣ የሆድ ዕቃውን ስስ ሽፋን ሳይነኩ መውጫውን በወገብ በኩል መክፈት እንደሚሻል አስተማረ። የሆድ ሽፋን ሲመርዝ ሕሙሙ እንደማይተርፍ ሁሉም ያውቅ ነበርና በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ጥበብ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከወገቡ በስተኋላ የተከፈተውን መውጫ ሕሙሙ ሊያየውም፣ እጁን ዘርግቶ ሊያጥበውም አይችልም፤ ዘወትር የሰው እጅ የሚጠብቅ ሆነ። የማደንዘዣው መድኃኒት በ1846 ዓ.ም.፣ የቀዶ ጠጋኙ የሊስተርም የቁስል ንጽሕና ሥርዓት በ1867 ዓ.ም. ከመጡ በኋላ ሆድን በፊት ለፊት መክፈት የማያስፈራ ስለሆነ መውጫው ከወገብ ወደ ሆድ ተመለሰ። በ1908 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ማይልስ የታመመውን ፊንጢጣ ከነሥሩ አውጥቶ መጣልን ሲያስተምር፣ ኮሎስቶሚ ለሞት የቀረበ ሰው የሚጠለልበት የጥቂት ቀን ማረፊያ መሆኑ ቀረና ለዕድሜ ልክ የሚያዝ ሆነ። ስለዚህ መውጫ፣ በሐኪሞች ቋንቋ ስቶማ፣ ተከፍቶላቸው በሕይወት የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዛ፤ የከረጢቱ ችግር ግን እንደ ነበረ ነበር።

ይህ ችግር በሰው ኅሊና ላይ የሚያሳድረውን ለማወቅ ወንጌልን ያነበበ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት በሕዝብ መካከል ፊት ለፊት ለመቅረብ አልደፈረችም፤ በስተኋላ መጥታ የልብሱን ጫፍ ነካች እንጂ። ከሰውነት ያለፈቃድ የሚፈስ ነገር በሁሉ አገርና በሁሉ ሃይማኖት የንጽሕናን ጥያቄ ያስነሣል፤ ሕመምተኛውም ቤተ መቅደስ ልግባ ወይስ ልቅር፣ ልስገድ ወይስ ልተው እያለ ይጨነቃል። በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው ለየሰላቱ አዲስ ውዱእ አድርጎ እንዲሰግድ ጥንት የተደነገገ ሲሆን፣ በሌላውም ሃይማኖት አባቶች ቀርቦ ለጠየቃቸው ሰው የሚመልሱለት አያጡም። ጭንቁ የሚበረታው ሕሙሙ ከኀፍረት የተነሣ ሳይጠይቅ ሲቀር ነው።

ከሁሉ የከፋው ዕጣ የደረሰባቸው ኢሊዮስቶሚ የተከፈተላቸው ናቸው። ባውም የተባለው ጀርመናዊ በ1879 ዓ.ም. በዳንሲግ ከተማ የመጀመሪያውን ከፈተ፤ በ1913 ዓ.ም. ደግሞ የሴንት ሉዊሱ ብራውን የትልቁ አንጀት ቁስለት ለያዛቸው ሰዎች እንደሚጠቅም ጻፈ። ነገር ግን ከላይ እንደ ተናገርሁት የትንሹ አንጀት ፈሳሽ ቆዳን ስለሚበላ፣ ቀዶ ጥገናው ያዳነው ሰው ሆዱ በሙሉ ተልጦ፣ ልብስ ሲነካው እየጮኸ፣ በሽታው ካደረሰበት ሥቃይ ወደ ሌላ ሥቃይ ይሸጋገር ነበር፤ ብዙ ሐኪሞችም ስለዚህ ቀዶ ጥገናውን ይፈሩት ነበር። መፍትሔው የመጣው በቺካጎ ከተማ ከአንድ ባለ ደዌ ነው። ኮኒግ የተባለ የኬሚስትሪ ተማሪ፣ ስትራውስ በተባለ ሐኪም እጅ ኢሊዮስቶሚ የተከፈተለት፣ የራሱን መከራ እንደ ትምህርት ጥያቄ ቆጥሮ ከቆዳ ጋር በላቴክስ ሙጫ የሚጣበቅ የጎማ ከረጢት አበጀ፤ ሩትዘን የተባለ ሰውም እያመረተ መሸጥ ጀመረ፤ ስትራውስም በ1944 ዓ.ም. ነገሩን ለሐኪሞች ጻፈ። ከረጢቱ ከባድ ነበር፣ ይሸትም ነበር፣ በየጊዜውም እየታጠበ ደጋግሞ ያገለግል ነበር፤ ቢሆንም ከፒሎር ሰፍነግ ወዲህ የመጀመሪያው እውነተኛ እርምጃ ይህ ነው።

በ1952 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተከተሉ። በክሊቭላንድ ተርንቡል የተባለው ቀዶ ጠጋኝ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስን ከድድ ጋር ለማጣበቅ የሚያገለግለው ካራያ የሚባል የሕንድ ዛፍ ሙጫ እርጥበት እየመጠጠ ከተላጠ ቆዳ ጋር እንኳ እንደሚጣበቅና ቁስሉንም እንደሚያሽር አየ፤ ዕጣንና ሙጫ ለሚለቀምበት አገር ሰው ይህ ነገር አያስደንቅም። በእንግሊዝ በርሚንግሃም ደግሞ ብራያን ብሩክ የትንሹን አንጀት ጫፍ ገልብጦ በራሱ ላይ በማጠፍ መስፋትን አስተማረ። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የቀረው የአንጀት ገጽ በፈሳሹ እየተቃጠለ ይጠብና ይዘጋ ነበር፤ ከተገለበጠ በኋላ ግን ውስጠኛው ገጽ በውጭ ስለሚሆን ፈሳሹ አይጎዳውም፣ ጫፉም ከቆዳው ከፍ ስለሚል የሚወጣው ነገር በቀጥታ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል። አሠራሩ እጅግ ቀላል ከመሆኑ የተነሣ ለምን ሰባ ዓመት እንደ ፈጀ ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ስስ፣ ቀላል፣ አገልግሎ የሚጣል ከረጢት የተገኘው ግን ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከእኅትማማች ፍቅር ነው። በ1954 ዓ.ም. በዴንማርክ ኤሊሰ ሶረንሰን የምትባል አስታማሚ እኅቷ ቶራ በወጣትነቷ መውጫ ተከፍቶላት፣ በሰው ፊት ይፈስብኛል ብላ በመፍራት ከቤት መውጣት መተዋን አይታ፣ ዙሪያው የሚጣበቅ የላስቲክ ከረጢት አሰበች። ፋብሪካዎች አልቀበል አሏት። ኦጌ ሉዊስ-ሀንሰን የተባለው የላስቲክ ፋብሪካ ባለቤትም መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ ሚስቱ ዮሃነ ግን ነርስ ነበረችና የነገሩ ጥቅም ወዲያው ስለገባት ባሏን አግባብታ አሠራችው፤ ከዚህም በ1957 ዓ.ም. ኮሎፕላስት የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ እኅቷን የምታስታምም አንዷም ባሏን የምትመክር፣ የቀዶ ጥገና ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ያላሰቡበትን ነገር እንዲህ አድርገው ፈጸሙት።

ከረጢቱ ቢገኝም አጠቃቀሙን የሚያስተምር ያስፈልጋል፤ በዚህም ሕሙማኑ ቀደሙ። በኒውዮርክ ማውንት ሳይናይ ሐኪም ቤት በሁለት ክፍሎች ተኝተው የነበሩ ባለ ኢሊዮስቶሚዎች በ1951 ዓ.ም. ማኅበር መሠረቱ፤ ክፍሎቹ «ኪው» እና «ቲ» በሚባሉ ፊደሎች ስለሚታወቁ ማኅበሩም በእነዚህ ፊደሎች ተጠራ። ሥራቸው ቀላል ነበር፤ የዳነው ሰው ልብሱን አሳምሮ ለብሶ አዲስ ወደ ተቀደደው ሕሙም አልጋ ይሄድና ይቀመጣል፤ ሕሙሙም የጎብኚውን ሆድ ከላይ እስከ ታች ተመልክቶ ከረጢቱ የት እንዳለ ሲያጣው፣ ሐኪም በብዙ ቃል ያላሳመነውን በዓይኑ ያምናል። በዚያው ዓመት በዴንማርክም የዚህ ዓይነት ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1962 ዓ.ም. የአሜሪካኖቹ ማኅበሮች በአንድነት ተያያዙ፤ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፉ ማኅበር ተመሠረተ።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ኖርማ ጊል ለብቻዋ መነሣት ይገባታል። ይህች ሴት ሐኪምም ነርስም አልነበረችም፤ በኦሃዮ የአክሮን ከተማ ነዋሪ የሆነች፣ በትልቁ አንጀት ቁስለት ለብዙ ዓመት ተሠቃይታ በ1954 ዓ.ም. በክሊቭላንድ ተርንቡል ኢሊዮስቶሚ የከፈተላት እናት ናት። ከዳነች በኋላ በየሐኪም ቤቱ እየዞረች እንደ እርሷ ያሉትን በነጻ ትረዳ ጀመር፤ ተርንቡልም ሥራዋን አይቶ በ1958 ዓ.ም. ቀጠራት፤ በ1961 ዓ.ም. ሁለቱ በዓለም የመጀመሪያውን የስቶማ እንክብካቤ ትምህርት ቤት ከፈቱ። የመጀመሪያዎቹም ተማሪዎች በአብዛኛው ራሳቸው ባለ ስቶማዎች ወይም ቤተሰቦቻቸው ነበሩ፤ ነርስነት እንደ ግዴታ የተጠየቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሕሙም መምህር፣ ሐኪም ደግሞ ደቀ መዝሙር የሆነበት ጊዜ በሕክምና ታሪክ ብዙ አይገኝም።

እነዚህ ሰዎች ያስተማሩት ዛሬም ያው ነው። ከቀዶ ጥገና የነቃ ሰው ከረጢቱን ገልጦ ሲያይ የሚደነግጠው ቀይና እርጥብ በሆነው ሥጋ ነው፤ ይህ ቅላት ግን የጤና ምልክት ነው፤ ሊያስፈራ የሚገባው ሲጠቁር ነው። ሲነኩት አያምም፤ ሲታጠብ ጥቂት ቢደማ አያስደነግጥም። በመጀመሪያዎቹ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት እብጠቱ እየጎደለ ስለሚያንስ፣ የማጣበቂያው ቀዳዳ በየጊዜው እየተለካ መቆረጥ አለበት፤ ሰፍቶ ከቀረ ፈሳሹ በክፍተቱ ቆዳውን ያገኘዋል። አሮጌውን ማጣበቂያ በአንድ እጅ ቆዳውን ተጭኖ በሌላው ቀስ ብሎ መላጥ፣ በለብታ ውኃ ብቻ ማጠብ፣ ቅባት ሳይነካው በደንብ ማድረቅ፣ አዲሱን ለጥፎ መዳፍን ጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ፣ ሙቀቱ ሙጫውን ያጠነክረዋልና፤ ከረጢቱንም ሳይሞላና ሳይከብድ፣ ሲሦው ሲደርስ መድፋት ነው። ከባድ ሸክም ያነሣ ሰው በመውጫው ዳር ቡአ ሊይዘው ይችላል። ባለ ኢሊዮስቶሚ ውኃና ጨው ከሰውነቱ በብዛት ስለሚወጣበት ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ይጎዳዋልና፣ ጾሙን ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ መያዝ ይገባዋል።

በአገራችን ይህ ታሪክ የራሱ መልክ አለው። በአውሮፓና በአሜሪካ ኮሎስቶሚን በአብዛኛው የሚያመጣው ነቀርሳ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ትልቁ አንጀት ተጠማዝዞ መዘጋቱ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ የሚበዛውም በገጠር ወንዶች ላይ ነው። ሆዱ ተነፍቶ ከሩቅ የመጣው ገበሬ አንጀቱ በስብሶ ከተገኘ ተቆርጦ መውጫ ይከፈትለታል፤ ፊንጢጣቸው ሳይከፈት የሚወለዱ ሕፃናትም በዚሁ መንገድ ይድናሉ። በ1959 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ መጥተው ዕድሜያቸውን ለፌስቱላ ሕሙማን የሰጡት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በወሊድ የተጎዱ ሴቶችን ሲጠግኑ፣ ፊኛቸው ሊጠገን ላልቻለው ሽንታቸው በሌላ መንገድ እንዲወጣ ማድረግ ግድ ሆነ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ክትትል ሳይለያቸው ሠርተው የሚኖሩበት ደስታ መንደር በአዲስ አበባ ዳርቻ ተመሠረተ። ከዚህ ውጭ ያለው ሕሙም ግን ከረጢቱ ከውጭ አገር የሚመጣና ዋጋው የሚከብድ ስለሆነ፣ ሲያልቅበት ፌስታልና ጨርቅ ያስራል፤ ይኸውም ከሞሬል ሰፍነግ ብዙም የማይርቅ ነው።

የውጭ አገር መምህራን ከቀዶ ጥገናው በፊት ሕሙሙን አስቀምጠውና አስቁመው መውጫው የሚከፈትበትን ቦታ በቀለም ያመለክታሉ፤ ከሆድ እጥፋትና ከቀበቶ መስመር እንዲርቅ ነው። የእኛ ሐኪሞች ይህን ሲያደርጉ የሚጠይቁት ከሱሪና ከቀበቶ ጋር ሌላም ነገር ሊሆን ይገባል፤ በየጠዋቱ መቀነቷን ወገቧ ላይ አጥብቃ የምትጠመጥመውን ሴት መቀነቷን በእጇ አስይዘው እንድትታጠቅ ማድረግ፣ ሲያጭድ የሚጎነበሰውንም ገበሬ በፊታቸው አስጎንብሰው ማየት፣ ከዚያም ቀለሙን ማድረግ።